የበርበሬ ዋጋ የለካሁበት ገመድ

ያ ገመድ ያስወጣኝ አንዲት በቅሎ ነው። ያለችኝም እሷው ብቻ ነበረች፤ ከደብረ ብርሃን የሱፍ ባና ጭኜ አሊዩ አምባ የምወርደው በእሷ ነበር።

ሐሳቡንም የሰጠችኝ እሷ ናት። የአንኮበርን ቁልቁለት እግሯን እየለካች የምትወርድ በቅሎ ዳገቱን መልሳ ትወጣዋለች፤ የምትንሸራተት ግን ለጅብ ናት። ዋጋም እንደዚያው ነው አልኩ። ከጫፉ ረጋ ብሎ የወረደ በርበሬ ተመልሶ ይወደዳል፤ ተንከባሎ የወረደውን አትንካው።

አንዱ ስልቻ በርበሬ ሃያ አሞሌ ጨው ሲያወጣ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ቋጠርኩ። ከዚያ በየዓርቡ ገበያ አንድ ቋጠሮ እጨምራለሁ፤ ዋጋው ስንት አሞሌ ቀነሰ? ያንኑ ያህል ጣት ከበፊተኛው አርቄ። የምጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በርበሬ ነጋዴውን ወዳጄን፣ ሐጂን። አፍ ሲበዛ ገመድ ይወሳሰባል።

ስምንት ዓርብ፣ ስምንት ቋጠሮ፣ ሁሉም አንድ አንድ ጣት! የመነኩሴ መቁጠሪያ እንኳ እንዲህ አይስተካከልም። ከሐጂ ጎን አንዲት ሴት «በአራት! በአራት!» እያለች ትጮሃለች። ሽንኩርት መስሎኝ ነበር።

በስምንተኛው ዓርብ በቅሎዬን በመቶ ሃያ አሞሌ ሸጥኩና ከሐጂ አሥር ስልቻ ገዛሁ፤ አንዱን በአሥራ ሁለት።

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። «ወንድሜ፣ እኔ ይህንኑ በአራት የሚወስድልኝ አጥቼ ጉሮሮዬ ደርቋል!»

«ሐጂ፣ ምን ጉድ ነው?»

«ወላሂ፣ ከአረርቲ በኩል በርበሬ የጎረፈ ዕለት ዋጋው ባንድ ጊዜ አራት ገባ። ልነግርህ ስል ገመድህን ዘርግተህ ትዳብሳለህ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው የደከመበትን ገመድ እንዴት ላበላሽ? አንድ አንድ እያልኩ አወረድኩልህ።»

«ሲሸጡልኝስ ለምን በአሥራ ሁለት ሆነ?»

«ቃሌን ላጥፍ? በአራት ብሸጥልህ እኮ ስምንት ጣት ትንሸራተታለህ!»

«እንግዲያው መልሰው ይግዙኝ።»

«በደስታ። በአራት።»

አሥሩንም መለስኩለት። አርባ አሞሌ ጨው ቀላል ሸክም አይደለም፤ በዚያው ገመድ ጠፍሬ፣ በጀርባዬ አዝዬ፣ የአንኮበርን ዳገት እግሬን እየለካሁ ወጣሁ።

ቀሪ፦ አርባ አሞሌ፣ አንድ ገመድ። በቅሎ የለም።