ሦስተኛ ወገን

የወንድሜ ልጅ ታምራት ከአዲስ አበባ በመኪናው መጣና እኔንና ለገበያ የያዝኩትን ሙዝ ከላንቴ ወደ አርባ ምንጭ ሲያደርስ መንገዱን ሁሉ አማረረ።

«አክስቴ፣ እዚያ የሚበላኝ ፓርኪንግ ነው፤ እዚህ ግን ጎማዬን ድንጋይ፣ ነዳጄን ዘመድ ጨረሰው። አንድ ወጪ ብትጨምር እሸጣታለሁ።»

እኔ ደግሞ እንዳይሸጣት በልቤ እጸልያለሁ፤ እንዲህ ተንደላቅቄ ገበያ ሄጄ አላውቅም።

ጫኖ ላይ ትራፊክ አስቆመንና «ሦስተኛ ወገን አለህ?» አለው።

ቅጣት እንዳይመጣ ቶሎ ብዬ፣ «አለው እንጂ የኔ ልጅ፤ በአባቱ ወገን አክስቱ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። ለካ የኢንሹራንስ ወረቀት ኖሯል። ታምራት እንባውን እየጠረገ አወጣለት። ትራፊኩ አየና መለሰለት፤ ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ፣

«እናቴ፣ ሙዙን ጠጋ ያድርጉልኝ፤ እኔም አራተኛ ወገን ሆኜ ከተማ ልግባ» አለ።