አባባ ለፖሊሱ የዘረጉት ሃያ ዶላር

ይህ ነገር የደረሰብኝ እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ነው። ዛሬም የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ እደነግጣለሁ፣ ቀጥሎ ሳቄ ይመጣል።

ከሞንትቤሎ ሰፈር ወደ ፒዮሪያ ስትሪት ቤት ስንቀይር አድራሻዬን ማስለወጡን እንደ ዋዛ ተውኩት። ከዚያ በፊት በፍጥነት ነድቼ የተቀጣሁበት ትኬት ነበረብኝ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ደብዳቤ አሮጌው ቤት ሄዶ ቀረ፤ እኔም ከቀጠሮው ቀረሁ። ዳኛው የመያዣ ትዕዛዝ አወጣብኝ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ሲንኳኳ ነው።

ፖሊሱ ወጣትና ጨዋ ነበር። ስሜን እየተንተባተበ አንብቦ አብሬው መሄድ እንዳለብኝ ነገረኝ። እንግልውድ ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው፤ ወንጀል ነገር ከተገኘብኝ ሥራዬ አለቀለት።

ይሄኔ አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከመኝታ ቤት ወጡ። አባባ ከአገር ቤት ሊጠይቁን ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። በአጥር ወሰን የተነሳ ከጎረቤታቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት የተካሰሱ ሰው ስለሆኑ፣ በፍርድ ቤት ነገር ከእሳቸው ወዲያ ላሳር!

«ምን ሆኖ ነው የመጣው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል? የመኪናውን ስጪውና በሰላም ያድርስሽ።»

«አባባ፣ እዚህ እንደዚያ አይደረግም!»

«ልጄ፣ ፖሊስ ወረቀት ይዞ ቤት ድረስ መጥቶ ትራንስፖርቱ የማይከፈልበት አገር የለም» ብለው ሃያ ዶላር አወጡና የፖሊሱ ደረት ኪስ ውስጥ ሊሸጉጡት እጃቸውን ዘረጉ።

ፖሊሱ ወደ ኋላ ዘለለ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። ጉቦ ነው ካለ ሁለታችንም መግባታችን ነው። መሃላቸው ገብቼ፣ «አባባ፣ አርፈው ይቀመጡ! እስር ቤት ሊያስገቡኝ ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው። በእሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«ሰውዬው ምን እያሉ ነው?» አለኝ ፖሊሱ። እየተርበተበትኩ አስረዳሁት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «መኪናው በነፃ ነው በያቸው» አለ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ባለቤቴ በዋስ አስወጣኝ። በቀጠሮዬ ቀን ደግሞ ዳኛው ደብዳቤው እንዳልደረሰኝ ሰምቶ በትኬቱ ቅጣት ብቻ ለቀቀኝ። ሥራዬም ተረፈ። ልከፍል የገንዘብ መቀበያው መስኮት ጋ ስደርስ ግን ወረቀቱ ላይ ከቅጣቱ በታች ሌላ ሂሳብ አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ገንዘብ ተቀባይዋን ጠየቅኳት።

«ፖሊሱ ቤትሽ ድረስ መጥቶ ስለያዘሽ የሚከፈል ነው» አለችኝ።

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ሳቅኩ። ሂሳቡ አባባ ከዘረጉት ይበልጣል!

ቤት ገብቼ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ወረቀቱን ተረጎምኩላቸው። በደንብ ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ደረሰኝ ሰጥተውሻል?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያው መልካም አገር ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስከፍል አንድም ደረሰኝ የሰጠኝ የለም።»

አባባ አሁን በሕይወት የሉም። ከእስሩም ከገንዘቡም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ጩኸቴ ነው። ሕግ አያውቁም ብዬ አፋቸውን ያስያዝኳቸው እሳቸው፣ ሕጉን ከእኔም ከፖሊሱም በላይ ያውቁት ነበር።