ነጩን አዳራሽ ለማቅላት ወደ ሸማ ተራ

መርካቶ የሄድኩት ጋቢ ልገዛ ሳይሆን ሰው እንዴት እንደሚቆም ልማር ነው። የምሠራው በአንዲት ትንሽ የግል ሙዚየም ነው። ጎብኚዎች ሲገቡ አንገታቸው ላይ ባጅ እናንጠለጥልላቸዋለን፤ ባጁ የት ምን ያህል እንደቆሙ ለኮምፒውተራችን ይናገራል። ሰው የቆየበት ቦታ በካርታው ላይ ቀይ ይሆናል፤ ዝም ብሎ ያለፈበት ነጭ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት የሸማ አዳራሽ እንደ አዲስ ነጠላ ነጭ ነው። ኃላፊያችን ወይዘሮ ሰብለ ካርታውን አይተው፣ “በአሥራ አምስት ቀን ካልቀላ ካፌ እናደርገዋለን” አሉኝ። ጨርቆቼ መጋዘን ሊገቡ ነው።

አራት ሰዓት ተኩል፣ አብነት

ታክሲው አብነት አራገፈን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ ፍራሽ የተሸከመ ከፊት “ዞር በል!” ይላል፣ ጋሪ የሚገፋ ከኋላ። ሁሉም ነጋዴ ያስቆማል። አንዱ እጄን ይዞ “አለቃ፣ ካልሲ?” አለኝ። ፉል ቤት አረፍ ብዬ መቶ ሃያ ብር ከፍዬ ስወጣ ሌላው ያዘኝ። ሸማ ተራ የደረስኩት ሁለት ጥንድ ካልሲና አንድ የሻይ ማጥለያ ይዤ ነው። አንዳቸውንም አልፈለግኳቸውም ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሸማ ተራ

ጋሼ ነስሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋቢ የሸጡ ሰው ናቸው። ዱካ ስበው አስቀመጡኝና ካርታውን በስልኬ አሳየኋቸው።

“ነጩ ምንድን ነው?”

“የጋቢዎቹ አዳራሽ።”

“ማን አለበት?”

“ማንም የለም። ጋቢዎቹ፣ መስታወቱና ጽሑፉ ብቻ።”

“ባለሱቅ የሌለው ሱቅ ከፍተህ ሰው አልቆመም ትላለህ? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፣ ልጄ።”

ሙዚየም ሱቅ አይደለም ብዬ ልሟገት ስል፣ “በል ሶላት ደርሷል፣ ሱቁን ጠብቅልኝ” ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ወዲያው አንዲት ወይዘሮ ገቡና አንዱን ጋቢ ዳሰሱ። ደስ አለኝ፤ ይሄማ የእኔ ሙያ ነው! “ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው” ብዬ ጀመርኩና የአዳራሹን ጽሑፍ እስከ ታሪካዊ ፋይዳው ድረስ በቃሌ አነበነብኩላቸው።

“ይሞቃል?” አሉኝ።

“እሱ በአየሩ ሁኔታ ይወሰናል።”

“ባለሱቁን አሟቸው ነው?” ብለው ወጡ።

ጋሼ ነስሩ በር ላይ አገኟቸው። መልሰው አስገብተው የዳሰሱትን ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸውና፣ “ለማን ነው እትዬ?” አሏቸው።

“ለአባቴ። ለሕክምና እኔ ጋ መጥቶ ብርድ ልብስ አልለብስም አለ። ‘ፈረንጅ አደረግሽኝ’ ይለኛል!”

ስለ አባታቸው እልኸኝነት እየሳቁ ብዙ አወሩ፤ ኋላ ዓይናቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ስለ ጥጡ ማንም አልተነፈሰም። ሴትየዋ ጋቢውን አቅፈው ሄዱ። እኔ ግን አፈርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው ጋቢ ምን እንደሆነ ስናገር፣ አንድንም ሰው ጋቢ ሲያይ ማን ትዝ እንደሚለው ጠይቄ አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ መልስ

ከጋሼ ነስሩ አንድ ጋቢ ገዝቼ ተመለስኩ። ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ካርታው ሰው የት እንዳልቆመ ይነግርሃል፤ ለምን እንዳልቆመ ግን ሰውን መጠየቅ ነው። በማግስቱ ከጽሑፉ ግማሹን አነሳሁ። ቲኬት ቆራጫችንን እትዬ አስካለን፣ ወሬ የማያልቅባቸውን፣ ከነወንበራቸው አዳራሹ ውስጥ አስቀምጬ አዲሱን ጋቢ ሰጠኋቸው።

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ሰብለ ለካፌው ልኬት የሚወስድ አናጢ ይዘው መጡ። እትዬ አስካለ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ጋቢውን አለበሷቸውና፣ “የመጀመሪያ ጋቢዎን ለማን ገዙ?” አሏቸው።

ወይዘሮ ሰብለ የጋቢውን ጫፍ እየዳሰሱ፣ “ለእናቴ። በመጀመሪያ ደመወዜ” አሉ። “እሷ ግን ‘ይቆሽሻል’ ብላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሳትለብሰው ሞተች።” ጋቢውን አጥብቀው ያዙት። ሜትሩን ዘርግቶ የቆመውን አናጢ ዞር ብለው አዩና፣ “ሂድ ልጄ፣ ካፌው ቀርቷል” አሉት።

አናጢው ሜትሩን ጠቀለለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“እሄዳለሁ” አለ፤ “ግን የአጎቴን ጋቢ ነገር ሳልነግራችሁ አልሄድም።”