ቃሬዛው የዞረ ዕለት

ሲር፣ ሲር፣ ሲር። ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ከአረብ አገር የላከልኝን ቪዲዮ ስከፍት መጀመሪያ የሰማሁት ይህን ነው፤ ዘይት ያልቀመሰ ጎማ ሲንከባለል። ከድምፁ ኋላ ደግሞ የሰው ትንፋሽ አለ። ትንፋሹን አወቅሁት። ምን እንዳስለቀሰኝ ጠይቀሽኝ የለ? ቁጭ በይማ ልንገርሽ፤ ነገሩ ከሩቅ ነው የሚነሳው።

እግሬ ያኔም እንዲሁ እንደምታይው ነበር፤ በሕፃንነቴ ያመመኝ ሕመም ይዞት ሄደ። ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ በጀርባው አዝሎ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ክፍላችን ከመካነ ሰላም ወዲያ ካለው ደን ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያይ ሊሄድ ሆነ። አስተማሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን "መንገዱ ለአንቺ አይሆንም፤ ሲመለሱ ይነግሩሻል" አለኝ። ይነግሩሻል! እኔ እኮ ጭላዳ ደረቱ ላይ ቀይ ልብ የመሰለ ነገር አለው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያንን ደረት በገዛ ዓይኔ ካላየሁ ብዬ እህል አልቀምስ አልኩ።

ለዚያ ዳገት ጀርባ አይበቃም። ወንድሜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሰፈሩን ቃሬዛ ከተሰቀለበት አውርዶ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። "ተኚበት። አብሽሪ፣ ዛሬ ጭላዳ ታያለሽ" አለኝ።

ጠፍሩ የስንቱን በሽተኛ ላብ ጠጥቷል፤ ይሸት ነበር። ደስታዬ ግን ሽታውን አስረሳኝ። በጀርባዬ ተኝቼ የሚታየኝ ሰማይና የወንድሜ አገጭ ብቻ ነው። የባሕር ዛፉ ቅጠል የጠዋቱን ፀሐይ እየቆራረጠ ፊቴ ላይ ይጥልብኛል፤ እሱ ከላዬ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

የገበያ ቀን መሆኑን ማን አስቦት። በኛ አገር ደግሞ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ሸክሙን አውርዶ ትከሻውን ይሰጣል። ወደ ከተማ የሚወርደው ገበያተኛ ከፊት ሲገጥመን በአንዴ ከበበን።

"ያ ረቢ! ምን ነካት?"

"ኧረ ወዴት ነው የምትወስዷት? ጤና ጣቢያው ያለው በዚህ!"

"ጠንቋይ ቤት ሊያደርሷት ነው እንጂ ምን ይሆናል!" አለ አንዱ። አለቀ። ቃሬዛው ከወንድሜና ከጓደኞቹ ትከሻ ተነጥቆ ዞረ፤ ቁልቁል ወደ ከተማ መሮጥ ተጀመረ።

"አላመመኝም! ጭላዳ ላይ ነው የምሄደው!" ብዬ ጮህኩ። ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ግንባሬ ላይ እየጫነች "ውይ በሞትኩት! ትኩሳቱ አናቷ ላይ ወጥቶ ያስቃዣታል" አለች። ሩጫው ባሰ። ወንድሜ ከኋላ "ኧረ ወላሂ ደህና ናት!" እያለ ይከተላል፤ ማን ይስማው። ደኑ እየራቀ መሆኑን ከዳገቱ አወቅሁ፤ አሁን ጭንቅላቴ ከፍ፣ እግሬ ዝቅ ብሎ ነበር። አለቀስኩ። ለቅሶዬንም ለሕመም ቆጠሩት።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ሐኪሙን ስንጠብቅ ዋልን። መጥቶ "ምኗን ነው?" ሲል ሁሉም ወደ ወንድሜ ዞሩ። ነገሩ ሲገለጥ ከተሸከሙኝ አንዱ የነበሩ ሽማግሌ ነደዱ። "ቃሬዛ ለሕመምና ለሞት ነው! በደህና እህትህ ታሟርትባታለህ?" ብለው ከዘራቸውን አነሱበት።

ወንድሜ አልሸሸም። ቀና ብሎ "እግር የላትማ አባባ! በምን ልውሰዳት?" አላቸው።

ከዘራው እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው ቀስ ብለው አወረዱትና ፊታቸውን አዞሩ። "አላህ ያግራላችሁ ልጄ" አሉ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። ግን ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ገበያውም ተፈትቷል። ልጆቹ ማታ የጭላዳ ድምፅ እያስመሰሉ ሲመለሱ በመስኮት ሰማኋቸው፣ መስኮቱንም ዘጋሁት። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ "አብሽሪ፣ አንድ ቀን በዓይንሽ ታያለሽ" አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ እንደ ሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ባሕር ተሻገረ። ይኸው እስከ ዛሬ። የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ከወጣ መመለሻ የለው፣ ከቀረም እኔ አላየው። ይቺን ዊልቸር የላከልኝ እሱ ነው። ደኑም አልሸሸም፣ እዚያው አለ፤ ግን ጎማዬ ጠጠሩ ላይ ይሰምጣል፣ ዳገቱም ያው ዳገት ነው።

ቪዲዮው የአራዊት ማቆያ ነው። አንበሳው ጥላ ውስጥ ተጋድሟል፣ ዝሆኑ ውሃ ይረጫል፣ ዝንጀሮዎቹም አሉ፤ የኛ ጭላዳ ባይሆኑም። ግን ምስሉ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያልፈው ሰው የሚታየው ከወገቡ በታች ነው። ደወልኩና "ምን ዓይነት አቀራረጽ ነው ይሄ?" ብዬ ተቆጣሁት።

ሳቀ። "በሩ ላይ መራመድ ለማይችል ዊልቸር በነፃ ይሰጣሉ። ለእህቴ ስጡኝ አልኳቸው። ዘበኛው 'ታማሚዋ የታለች?' አለኝ። 'አገር ቤት ናት' አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ ሰጠኝ። ስልኬን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ስገፋሽ ዋልኩ። አንቺ ቁጭ ብለሽ እንደምታይው ነው እኮ የቀረጽኩት።"

ስልኩን ዘግቼ ቪዲዮውን ደግሜ ከፈትኩት። ሲር፣ ሲር ይላል። ትንፋሹም ያው ያኔ ከላዬ የሰማሁት ነው፤ አርጅቷል እንጂ። ሁሉንም አየሁ፣ አንበሳውንም ዝሆኑንም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈልጌ ያጣሁት እሱን ብቻ ነው። ከኋላዬ ሆኖ እየገፋ ነበራ።