ሁለት ቅጠል አንድ ላይ

ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ሳላጣጥፍ ስልኬ ጮኸ። ከአገር ቤት፣ ከቁሐር ሚካኤል እህቴ ናት።

«እልል በይ! ልጅሽ ዳዊት ጨረሰች!»

ልጅሽ የምትለኝ የራሷን ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚያው ድሬዳዋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ አለቀስሁ።

ነገሩ የእኔ ሥራ ነው። አምና ለጥምቀት ስሄድ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ስልክ ላይ አጎንብሶ ጭፈራ ያያል። ለእሷ የወሰድሁላትን መጽሐፍ እንኳ የሩዝ ጆንያ ላይ ጥላው ከእነሱ ጋር አጎነበሰች። ከስልክ ጋር ከምታገል በእሱው ልመልሳት ብዬ፣ የኔታ ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸውን ቀዳሁ። ከዚያ ስልክ ገዝቼ ከነድምፁ ላክሁላት፤ እየሰማሽ በመጽሐፉ ተከተይ አልኋት። መጠንቀቄ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንድሜ ደወለ። ዳዊት የጨረሰ ልጅ በየኔታና በዘመድ ፊት አንብቦ ይመረቃል፤ እሱም ከድግሱ ላይ ነበር።

«እህት ዓለም፣ ልጅሽ ቴፕ ናት እንጂ አንባቢ አይደለችም» አለኝ እየሳቀ። «ክረምት ውኃ ያጣበቀውን የመጽሐፉን ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለበጠች። ንባቧ ግን አልዘለለም! በፊቷ የሌለውን ገጽ በቃሏ ወረደችው።»

መልሼ እህቴን ጠየቅኋት።

«ቅናት ነው! የሱ ልጆች ሀሁን መች ለዩ? ደሞ በቃል ማወቅ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? የኔታስ በቃላቸው አይደል የሚወርዱት?»

እውነቷን ነው። ግን የኔታ ፊደሉን አልፈው ነው እዚያ የደረሱት፤ እሷስ? ለራሳቸው ደወልሁ።

«ልጄ፣ ቃሉ ልቧ ከገባ በየት በኩል እንደገባ ምን አስጨነቀሽ?» አሉኝ።

ይኸም ልክ መሰለኝ። የትምህርት ቤት መምህርቷ ግን የአማርኛውን መጽሐፍ ስታቀርብላት ልጅቷ ዝም ትላለች ሲሉ ሰማሁ። አለማወቅ ይሁን ዓይነ አፋርነት፣ የሚነግረኝ አጣሁ። ደስ ይበለኝ ወይስ ንስሐ ልግባ?

አሁን እህቴ «እንግዲያ ስልኩን ልንጠቃት?» እያለች መልስ ትጠብቃለች። ንጠቂያት ብል የያዘችውም እንዳይጠፋባት፣ ተዪላት ብል ከፊደል ሳትተዋወቅ እንዳታድግ እፈራለሁ።

በምርቃቷ ቀን ግቢው ውስጥ የነበራችሁ፣ ስለ ቅዱስ ሚካኤል ብላችሁ ንገሩኝ፤ ስታነብ ዓይኗ የት ነበር? እኔን ደስ ይበላት ብላችሁ አታሳምሩት።