አሜን የተባለለት ስፓኒሽ

ይህ ታሪክ ለመነገር ይበቃ እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ ሰው አልሞተበትም፣ ሰው አልዳነበትም። ቢሆንም የአንደኛ ዓመት ተማሪነቴ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር እጽፈዋለሁ።

ክልሉ አዲስ ነበር፤ አሶሳ ያለው ኮሌጃችንም እንደዚያው። የእንግሊዝኛ መምህር ስላልተመደበ፣ ኩባ ተምረው የመጡት የእርሻ መምህራችን “የውጭ ቋንቋ” በሚለው ክፍለ ጊዜ ስፓኒሽ እንዲያስተምሩን ተደረገ። ፈተናው የቃል ነበር፤ ከቤት እስከ ክፍል እንዴት እንደምንመጣ መናገር። የወደቀ ይባረራል።

እኔ ከባምባሲ የምመላለሰው በጭነት አይሱዙ ነው። ጠዋት ጠዋት የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዓረፍተ ነገሮቼን በለሆሳስ እደግማለሁ። አንድ ቀን ስጨርስ ከጎኔ የነበሩ የወለጋ እናት “አሜን” አሉ። በማግስቱ መኪናው ላይ ያለው ሁሉ አሜን አለ።

“እማማ፣ ጸሎት አይደለም፤ ትምህርት ነው” አልኳቸው።

“በልሳን የሚናገር ሰው ምን እንዳለ አያውቅም፣ ልጄ።”

አንድ የበርታ ሽማግሌም “ዓረብኛ አይደለም። ግን ዱዓ ነው” ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ እኔ ሳልደግም ሞተር ማስነሳት ተወ።

በፈተናው ዕለት ፍርሃት አፌን ያዘው። ሰዓቱ ይሄዳል፤ መኪናው ቆሟል።

“በይ እንጂ እህቴ” አለ ሾፌሩ።

“ፈተና አለብኝ፤ እባክህ ንዳ።”

“ፈተና ካለብሽማ አስረዝመሽ ጸልዪ።”

ከያዝኩት ሁሉ የመጣልኝ “አርፍጃለሁ፤ አውቶቡሱ ተበላሽቷል” የሚለው ብቻ ነበር። “ዬጎ ታርዴ። ኤል አውቶቡስ ሴ ሮምፒዮ።”

“አሜን” አሉ ሁሉም፣ ከወትሮው ጠንከር አድርገው።

አሶሳ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን መኪናው ተበላሸ።

የቀረውን መንገድ ሮጬ ስደርስ መምህሩ ወንበራቸውን እያነሱ ነበር። ለምን እንዳረፈድኩ በስፓኒሽ ጠየቁኝ። ያንኑ አልኩ፤ አቧራዬን አዩት።

“ጓደኞችሽ ሁሉ መጽሐፉ እንደሚለው በሜትሮ፣ በከተማ ባቡር ነው የመጡት” አሉ። “በአሶሳ መንገድ የመጣሽ አንቺ ብቻ ነሽ።” አሳለፉኝ።

በማግስቱ ሾፌሩ “ጸሎትሽ ደረሰ?” አለኝ።

“ደረሰ።”

“በይ ዛሬ ደግሞ ለራዲያተሬ።”

ራዲያተር በስፓኒሽ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ቤተሰቤን ዘረዘርኩለት፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ እህቴ። አሜን ተባለ፤ መኪናውም ደህና ሄደ። የኮሌጁ መኝታ ክፍል ተከፍቶ ከአይሱዙው እስክወርድ ድረስ እንዲሁ ስጸልይ ከረምኩ። ለመጨረሻ ጊዜ አሜን የተባለልኝ ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው።