ሚዛን ላይ የሚራገጠው ልጅ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ መካነ ሰላም ፊዚክስ አስተምር ነበር። ትምህርት ሲቋረጥ የቀበሌው ሊቀመንበር «ጓድ መምህር፣ ሚዛን ላይ ተመድበሃል» አለኝ። እህል መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ የምመዝነው ሕፃናትን ነው!

ሚዛኑ በሚለጠጥ ሞላ የሚሠራ ሆኖ ከተራቡት መጠለያ ጣሪያ ወራጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ሕፃኑን የሸራ ሱሪ አልብሼ እሰቅለዋለሁ። አብራኝ የተመደበችው ነርስ ደግሞ ቁመቱን ለክታ ሚዛኑ ላይ ቀይ ምልክት ታደርግለታለች። ከምልክቱ በታች ከመዘነ ወተት ያገኛል፤ አለበለዚያ ወደ ቤቱ ነው።

አንድ ጠዋት ከአቀስታ በኩል በእግሯ የመጣች እናት ልጇን አቀበለችኝ። አጥንቱ ይቆጠራል፤ ግን ምን ዓይነት ጉድ ነው! ገና ስሰቅለው መራገጥ ጀመረ። መርፌው ከምልክቱ በላይ ይወጣል፣ ተመልሶ በታች ይወርዳል።

«እዚች ጋ ሲደርስ ይጻፉልኝ!» አለችኝ እናቲቱ፣ የታችኛውን እያሳየች።

«አይሆንም እህቴ። ዳርና ዳሩ ውሸት ነው፤ ሞላው ወደ መሃል ይመልሰዋል። እውነተኛው ክብደት መሃል ነው።»

«ታዲያ ምነው ውሸቱ ጋ ቆም እያለ እውነቱን በሩጫ የሚያልፈው?»

ወላሂ፣ ክፍል ውስጥ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያስተማርኩት ይኸንኑ ነው፤ አንድም ተማሪ እንዲህ ገብቶት አያውቅም። እኔ ግን ኮራ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ።

«ጉልበቱ ሲያልቅ ይቆማል፤ ጠብቂ!» አልኳት።

«የልጄ ጉልበት ካለቀማ ወተቱ ምን ያደርግልኛል?»

ልጁ በመጨረሻ ደክሞት ረጋ። መርፌው ምልክቱ ላይ ልክ ቆመ፣ በላይም አይደለም፣ በታችም አይደለም።

«በታች ነው የተባለው» አለች ነርሷ፣ ክፉ ሆና ሳይሆን ወተቱ ስለማይበቃ። እናቲቱ ልጇን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ትንሹ ጌታ ሸና። ሸራውን አልፎ ያለኝን አንድ ጫማ ሞላው፤ መርፌውም ከምልክቱ ትንሽ ዝቅ አለ።

«ወረደ! ይጻፉ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ነርሷም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፈረመች። እኔ ጫማዬ እየተንቦጫረቀ ወተቱን ራሴ አመጣሁለት።

በየሳምንቱ እየመጣ እየተመዘነ ጠጣ። ጉንጩ መሙላት ጀመረ፤ እርግጫውም በረታ። አንድ ቀን ስሰቅለው ብዙ ከተወዛወዘ በኋላ መርፌው ከምልክቱ በላይ አልፎ ቆመ። ልጁ ይስቃል። እናቱ መርፌውን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ውይ፣ በሞቴ መምህር» አለችኝ እያለቀሰች፣ «ልጄ ወፈረብኝ!»